ቁልፉን ባክአፕ አታርጉ? ለምን ተብሎ!

ሰሞኑን በየግሩፑ እየተሼረ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ የኢንክሪፕሽን (ፋይል ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆለፍበት ዘዴ) ቁልፍህን ከኮምፒውተርህ ውጪ አታስቀምጥ የሚል፣ እናንተም ጋ ደርሶ ይሆናል። ላልደረሰው ባጭሩ፦ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለየጎረቤቱ የሚያድል ሰው የለም፣ ስለዚህ የቢትሎከርም (ሙሉ ድራይቭ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ) ሆነ የኢኤፍኤስ (ፋይልና ፎልደር ለየብቻ የሚቆልፈው) ቁልፍ ኮፒ ማድረግ ለሌባ ሁለተኛ በር መክፈት ነው፣ ፓስወርድህን በጭንቅላትህ ከያዝክ ይበቃል፣ ፋይልህን ኤክስተርናል ላይ ከገለበጥክ ደግሞ ቁልፉ ጭራሽ አያስፈልግህም፣ ለማንኛውም ማይክሮሶፍት ራሱ አስቀምጦልሃል፣ ከባሰም ጥገና ቤት ይከፍቱልሃል ይላል። አጻጻፉ ይጥማል፣ አልዋሽም። ችግሩ የሚለውን ሰምቶ ያደረገ ሰው የሆነ ቀን የገዛ ፋይሉን መክፈት ያቅተዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ፣ በሱ ቅደም ተከተል ግን አልሄድም፣ ዋናው ከምለው ልጀምር።

«ፓስወርድህን ካልረሳህ ፋይልህ አይጠፋም» ይላል። የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ነች። ፓስወርድና ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢኤፍኤስን እንውሰድ፣ ያው ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ ገብታችሁ «ኢንክሪፕት» የሚለውን ቲክ የምታደርጉባት፣ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ያለችዋ፣ ሆም ኤዲሽን ላይ የማትገኘዋ። እዛ ላይ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁልፍ ይወጣለትና በሱ ይቆለፋል፣ ያ ቁልፍ ደግሞ በናንተ ፐብሊክ ኪይ ይቆለፋል፣ ያንን መፍታት የሚችለው ፕራይቬት ኪያችሁ ብቻ ነው፣ ፕራይቬት ኪዩ ደግሞ ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘር ፕሮፋይላችሁ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ነው። ፓስወርዳችሁ የሚሰራው እሱን ፋይል ለማስከፈት ነው፣ በቃ። ፋይሉ ከሌለ ፓስወርዱ የሚከፍተው ነገር የለውም።

አሁን እኛ ሀገር የሚደረገውን አስቡት። ላፕቶፕ ትንሽ ከዘገየ መፍትሄው ፎርማት ነው፣ ቫይረስ ሲገባ ፎርማት፣ ዊንዶው አልነሳ ሲል ፎርማት፣ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ደግሞ ወደ 11 ለመሄድ ሁሉም ሰው ፎርማት ላይ ነው። ባለሙያውም «ዳታህ ዲ ላይ ነው አይደል? ሲን ብቻ ነው የማጠፋው» ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም። ግን የዲ ፋይሎች ቁልፍ ያለው ሲ ላይ ነበር! ከፎርማት በኋላ በዛው ስም፣ በዛው ፓስወርድ አካውንት ብትከፍቱ ለዊንዶው ሌላ ሰው ናችሁ። የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ሳይዛቸው ይታያል፣ ስትከፍቷቸው ግን «አክሰስ ዲናይድ»። ፓስወርዳችሁን ከነ ነጥቡ ከነ ቁጥሩ ታስታውሳላችሁ፣ ምንም አይሰራላችሁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ፐርሚሽን መስሎት «ቴክ ኦነርሺፕ» ምናምን እያለ ሲታገል የሚውለው፣ ኦነርሺፑን ሊወስድ ይችላል እኮ፣ ፋይሉ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ፎርማት ሳይደረግም ሊበላሽ ይችላል። ሎካል አካውንት ላይ ሆናችሁ ፓስወርዳችሁን ራሳችሁ አሮጌውን አስገብታችሁ ብትቀይሩ ችግር የለም፣ ዊንዶው ቁልፉን በአዲሱ መልሶ ይቆልፈዋል። ግን ረስታችሁት ጥገና ቤቱ ሂረንስ ቡት በሚባለው ከፍላሽ በሚነሳ የጥገና ፕሮግራም ገብቶ ፓስወርዱን ካጠፋላችሁ ወይ ሌላ አድሚን ሪሴት ካደረገው አካውንቱ ይከፈታል፣ የኢኤፍኤስ ፋይሎቹ ግን ተዘግተው ይቀራሉ፣ አሮጌው ፓስወርድ ትዝ ብሏችሁ ወደሱ እስካልመለሳችሁት ድረስ። ይሄ ታዲያ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው፣ አለዚያ ላፕቶፓችሁን የሰረቀ ሰው ሁሉ በአንድ ፍላሽ ይከፍተው ነበር።

«እኔ ሊኑክስ ነው የምጠቀመው» የሚሉም እንዳይመጻደቁ። ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ ዲስክ መቆለፊያ ላይ ፓስወርዳችሁ ዳታውን በቀጥታ አይቆልፍም፣ ዳታው የተቆለፈው ማስተር ኪይ በሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሄደር የሚባል ቦታ ላይ በፓስወርዳችሁ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሉክስ 2 ላይ ሄደሩ በተለምዶ 16 ሜጋባይት ነው። ባለ 1 ቴራ ዲስክ ላይ ያቺ 16 ሜጋባይት ውስጥ ቁልፉ ያለበት ቦታ ከተበላሸ ወይም አንዱ ዊንዶውስ ሲጭን ከላይ ከጻፈባት ቀሪው ቴራ በሙሉ ትርጉም የሌለው ነገር ነው፣ ፓስወርዱን ግንባራችሁ ላይ ብትነቀሱትም። ለዚህ ነው ሄደሩን ባክአፕ የሚያደርግ ትእዛዝ አብሮ የተሰራለት፣ ቬራክሪፕት የሚባለው ሌላ የመቆለፊያ ፕሮግራም ደግሞ ራሱ የተቆለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ትርፍ ሄደር የሚያስቀምጠው። ሰሪዎቹ ራሳቸው የማያምኑበትን «አንድ ብቻ ይበቃል» ወንድማችን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

አሁን ወደ ጎረቤቱ ምሳሌ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው የወደደለት እሱን ነው። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት የሚሰጥ የለም ይላል። አለ እንጂ! ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እንዳይቸገር ተብሎ ስንቱ ነው ቁልፍ ጎረቤት የሚያስቀምጠው። ደግሞ የቤት በር ቁልፉ ሲጠፋ ይሰበራል፣ ቁልፍ ሰሪ ይጠራል፣ እንዲያውም ካስፈለገ በመስኮት ይገባል። ኢንክሪፕሽን መስኮት የለውም፣ ምሳሌው እዚህ ጋ ነው የሚፈርስበት።

ሌባውስ? ይሄን ነጥብ በቁም ነገር ልውሰደው፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለው። የቢትሎከር ሪከቨሪ ኪይ (ድራይቩ አልከፈት ሲል የሚጠየቀው መጠባበቂያ ቁልፍ) ወረቀት ላይ ታትሞ ቤታችሁ ዶክመንት ቦርሳ ውስጥ ከቤት ካርታውና ከዲግሪያችሁ ጋር ተቀምጧል እንበል። ታክሲ ውስጥ ላፕቶፓችሁን የወሰደው ሌባ ወረቀቱ የለውም። ቤት ገብቶ ወረቀቱን ያየ ሰው ደግሞ ላፕቶፑ ከሌለው 48 አሃዝ ቁጥር ነው ያገኘው፣ ምን ያደርግበታል? ሁለቱ አንድ ላይ እጁ ካልገቡ አደጋ የለም፣ ስለዚህ ጥያቄው ኮፒ ይኑር አይኑር ሳይሆን የት ይቀመጥ ነው። ላፕቶፕ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ከከተታችሁት ጸሐፊው ትክክል ነው፣ እንዲያ የሚያደርግ ሰው እንዳለም አውቃለሁ፣ አንዳንዱማ ላፕቶፑ ሆድ ላይ በስቲከር ለጥፎት ይዞራል። የኢኤፍኤሱ ፒኤፍኤክስ ፋይል (የቁልፉ ኮፒ የሚቀመጥበት) ደግሞ ኤክስፖርት ሲደረግ ራሱ በፓስወርድ ይቆለፋል፣ ጠንካራ ፓስወርድ ከሰጣችሁት ፍላሹን ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አይከፍተውም።

አንድ ነገር ግን እጨምርለታለሁ፣ እሱ ራሱ ያላነሳው፣ ለሱ የሚጠቅም ነጥብ። የሉክስ ሄደር ባክአፕ ካደረጋችሁ በኋላ ፓስወርድ ብትቀይሩ አሮጌው ባክአፕ አሁንም በአሮጌው ፓስወርድ ዲስኩን ይከፍታል፣ ምክንያቱም ማስተር ኪዩ ያው ነው። ስለዚህ ፓስወርድ የቀየራችሁት ሰው ስላወቀባችሁ ከሆነ አሮጌውን ባክአፕ አጥፉና አዲስ ስሩ። ባክአፕ አታርጉ የሚለው ግን ከዚህ አይወጣም።

«አንድ ቦታ ብቻ» የሚለው ምክር የት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ የስቴፋን ቶማስን ነገር ያንብብ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ጃንዋሪ ዓለም ሁሉ ያወራለት ነበር። ሰውየው ፕሮግራመር ነው፣ 7,002 ቢትኮይን የሚያስከፍተው ቁልፍ አይረንኪይ በሚባል ፍላሽ ውስጥ ነበረው፣ የፍላሹን ፓስወርድ የጻፈበት ወረቀት ጠፋበት፣ ፍላሹ 10 ጊዜ ብቻ ነው የሚያስሞክረው፣ ያን ጊዜ 8ቱን ጨርሶ 2 ቀርቶት ነበር። በወቅቱ ዋጋ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው እንግዲህ፣ ቸልተኛ ልትሉት አትችሉም፣ ወረቀቱ ግን አንድ ነበረች።

«ቢትሎከር ለዓመታት ስጠቀም ሪከቨሪ ኪይ ተጠይቄ አላውቅም» ላለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው። ቢትሎከር ያለ ጥያቄ የሚከፍትላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ቲፒኤም የምትባል ቺፕ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነገሮች እንደነበሩ መሆናቸውን አይታ ቁልፉን ስለምትለቅ ነው። ማዘርቦርድ ተቀየረ፣ ባዮስ አፕዴት ሆነ፣ ጥገና ቤቱ በፍላሽ ለማስነሳት ብሎ ሴኪውር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃ አጠፋው፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና 48ቱን አሃዝ አምጣ ይላል። እናንተ ምንም ሳትነኩም ይመጣል፦ በ2024 ጁላይ የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት አንዳንድ ኮምፒውተሮችን በቀጥታ ወደ ሪከቨሪ ስክሪኑ ይዟቸው ሄዶ ማይክሮሶፍት ራሱ ችግሩን አምኖ በኦገስቱ አፕዴት ነው ያስተካከለው። በዛው ጁላይ በ19 ደግሞ ክራውድስትራይክ የሚባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ በለቀቀው የተበላሸ አፕዴት ጉድ መጣ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው ወደ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፣ ማስተካከያው ሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር፣ ቀላል፣ ግን ቢትሎከር ያለበት ማሽን ብዙ ጊዜ እዛ ለመግባት ሪከቨሪ ኪዩን ይጠይቃል፣ ቁልፎቹን ያስቀመጡበት ሰርቨር አብሮ የወደቀባቸው ድርጅቶችም ነበሩ። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ማለት ይሄ ነው።

«ማይክሮሶፍት አስቀምጦልሃል» የሚለውን እንይ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ አልክድም። ዊንዶውስ 11 ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን (ቀለል ያለው ቢትሎከር) ሳትጠይቁት ሊበራ ይችላል፣ 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ወዲህ ደግሞ መስፈርቱ ስለቀለለ ብዙ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይበራል፣ ቁልፉም ወደ አካውንቱ ይላካል። ጥያቄው ወደ ማን አካውንት ነው። እኛ ጋ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚመጣ ይታወቃል፦ ቨርጂኒያ ያለች እህት ትገዛለች፣ ይሰራ አይሰራ ለማየት ከፍታ በራሷ ኢሜይል ትገባለች፣ ሰው ይዞት ይመጣል፣ እዚህ ያለው ልጅ አዲስ ዩዘር ከፍቶ ይጠቀምበታል። ቁልፉ ያለው እሷ አካውንት ውስጥ ነው፣ እሷም አታውቅ፣ እሱም አያውቅ። ይሄ እንኳን ደህናው ነው፣ ይደወልላትና ታነብለታለች (ቁጥሩ በ6 በ6 በ8 ቦታ የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ለ11 ያለ ቀሪ መካፈል ስላለበት አንድ አሃዝ ብትሳሳት ዊንዶው ወዲያው ይይዛታል፣ እና በስልክ ማንበብ አያስፈራም)። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሱቅ የገዛውስ? የበፊቱ ባለቤት የማን እንደሆነ አይታወቅም። መጀመሪያ በመስሪያ ቤት ኢሜይል የተከፈተ ላፕቶፕም ቁልፉ መስሪያ ቤቱ ጋ ነው ያለው፣ ስራ ከለቀቃችሁ በኋላ አይቲውን ስትለምኑ ትኖራላችሁ።

አካውንቱ የራሳችሁ ቢሆንስ? ለመግባት ኮድ በስልክ ይላካል፣ ስልኩ ዱባይ ወይ ጅዳ እያላችሁ ያወጣችሁት ሲም ነው፣ ከተመለሳችሁ ወዲህ ካርድ ስላልተሞላበት ተዘግቷል። ወይም ጭራሽ ኢንተርኔት የለም። ይሄ ሊሆን የማይችል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ትግራይ ውስጥ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በኋላ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ኢንተርኔት ኖሯል፣ አማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ቁልፉ ክላውድ ላይ ብቻ የሆነ ሰው ያን ጊዜ የገዛ ላፕቶፑን አይከፍትም። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። ደግሞ ስለ ሌባ ይሄን ያህል የሚጨነቅ ጸሐፊ ቁልፉ የአሜሪካ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በህግ ሲጠየቅ ሊሰጥ መቻሉ አንዴም ሳያሳስበው ማለፉ ገርሞኛል፣ ለራሱ ለባለቤቱ ነው እንዴ ሚስጥር የሚሆነው?

«ፋይሉን ኤክስተርናል ላይ ከገለበጥክ» የምትለዋ አጭር መልስ ይበቃታል። ኢኤፍኤስ ፋይል ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ፎርማት የተደረገ ኤክስተርናል ላይ ሲገለበጥ እንደተቆለፈ ነው የሚገለበጠው፣ አስር ቦታ ብታስቀምጡት አስር የተቆለፈ ኮፒ ነው ያላችሁ። ቢትሎከር ላይ ግን ልክ ነው፣ ከተከፈተ ድራይቭ ወደ ሌላ የተገለበጠ ፋይል ተፈትቶ ነው የሚሄደው፣ ኤክስተርናሉ ራሱ ካልተቆለፈ በስተቀር። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውራቱ ነው ሰው የሚያሳስተው።

«ጥገና ቤት ይከፍቱልሃል» ላለው፦ አይከፍቱም። ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፣ ጎበዞች ናቸው፣ ከሞተ ሃርድ ዲስክ ፎቶ የሚያወጡ ልጆች አሉ። የቢትሎከር ሪከቨሪ ኪይ ግን 128 ቢት ነው፣ አማራጩ 34 ተጽፎ 37 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ያህል ነው፣ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ቢሞክሩ ሁሉንም ለመጨረስ 10 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። «ይከፈታል፣ ግማሹን ቅድሚያ ክፈል» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እውነተኛ ተስፋ ያለው አንድ ቦታ ነው፦ የኢኤፍኤስ ፋይል ሆኖ አሮጌው ሲ ድራይቭ ገና ካልተነካ፣ ወይ የሱ ሙሉ ኮፒ ካለ፣ አሮጌው ዩዘር ፎልደር ውስጥ ቁልፉ አለ፣ ፓስወርዱን ካወቃችሁ ሊወጣ ይችላል። ፎርማት ተደርጎም ከሆነ ኮምፒውተሩን ቶሎ አጥፉትና ምንም አትጫኑበት፣ ተራው ሃርድ ዲስክ ላይ ዕድል ሊኖር ይችላል፣ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን የጠፋውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው ብዙም ተስፋ አታድርጉ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሱን ይቃረናል፣ «የግድ ካላችሁ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጡት» ብሎ! ቁልፍ ለጎረቤት አይሰጥም ያለው ሰውዬ ነው እንግዲህ። ሴቭድ ሜሴጅ እንደ ሲክሬት ቻት ከዳር እስከ ዳር የተቆለፈ አይደለም፣ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው ያለው። እሱ እንኳን ይቅር፣ ስልክና ላፕቶፕ አንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው፣ አብረው ነው የሚሰረቁት። ብቸኛ ኮፒ እንዳይሆን እንጂ ከምንም እሱም ይሻላል፣ እውነቱን ለመናገር።

የተስማማሁበትም አለ። ፒኤፍኤክሱን ዴስክቶፕ ላይ አትተዉት ማለቱ ልክ ነው፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አትቆልፉ ማለቱም ልክ ነው። እንዲያውም ቤት ውስጥ ለሚጠቀም ሰው ኢኤፍኤስን ትቶ ሙሉ ዲስኩን በቢትሎከር ቢቆልፍ ይሻለዋል ባይ ነኝ፣ የሚጠብቀው ቁልፍ ቁጥሩ ይቀንስለታል።

እንዴት ይደረግ ላላችሁ፣ ኢኤፍኤስ ከሆነ ስታርት ላይ «ማኔጅ ፋይል ኢንክሪፕሽን ሰርተፊኬትስ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ደረጃ በደረጃ ይወስዳችኋል። በሰርተፊኬት ማኔጀሩ በኩል ኤክስፖርት የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ «የስ፣ ኤክስፖርት ዘ ፕራይቬት ኪይ» የሚለውን ምረጡ፣ «ኖ» ብላችሁ ካለፋችሁ የሚወጣው ሲኢአር ፋይል ፐብሊክ ኪይ ብቻ ነው፣ ፋይል አይፈታም፣ ባክአፕ አለኝ ብሎ ተማምኖ በዚህ የሚቀልጥ ሰው ብዙ ነው። ኤክስፖርቱ ሲሳካ ፕራይቬት ኪዩን ደምስስ የሚለውን ቲክ እንዳታደርጉ፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ላይ ያጠፋዋል። አልጎሪዝም ካስመረጣችሁ ኤኢኤስ 256 በሉት።

ቢትሎከር ከሆነ ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ «ባክአፕ ዩር ሪከቨሪ ኪይ» ብላችሁ ፕሪንት አድርጉት። ፋይል አድርጋችሁ ስታስቀምጡ እዛው የተቆለፈው ድራይቭ ላይ አላስቀምጥም ይላችኋል፣ ትክክል ነው፣ ያንን ለማለፍ ፒዲኤፍ አድርጎ ዴስክቶፑ ላይ የሚያስቀምጥ ብልጥ አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ የትኛው ላፕቶፕ እንደሆነ ጻፉበት፣ ኪይ አይዲውም አብሮ ይታተማል፣ ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚመጣው አይዲ የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር ከሱ ጋር መግጠም አለበት፣ ቤት ውስጥ ሶስት ላፕቶፕ ካለ ያለሱ መደናበር ነው። አንዱን ኮፒ ቤት፣ ሌላውን የምታምኑት ዘመድ ጋ። ዲስኩን ዲክሪፕት አድርጋችሁ እንደገና ከቆለፋችሁት ቁልፉ አዲስ ነው፣ አሮጌውን ወረቀት ቀዳችሁ አዲስ አትሙ።

ፒኤፍኤክሱን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ኢምፖርት አድርጋችሁ አንድ የተቆለፈ ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩት፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ሰርተፊኬቱን ከዛ ማሽን ላይ ማጥፋት እንዳትረሱ፣ በተለይ የሰው ከሆነ።